ችርቻሮ የተከለከለበት ጭነት፦ የራምቦ ጠመንጃዎች፣ የሐረር ግምጃ ቤትና የዛሬው የመሣሪያ ክርክር

የጦር መሣሪያ መያዝ መብት ነው ወይስ ፈቃድ የሚለው ክርክር በሐረርና በድሬዳዋ በተነሣ ቁጥር ተከራካሪዎቹ ከሕጉ አንቀጽ ይልቅ ታሪክን ያስቀድማሉ። አንዱ ወገን ነፍጥ የአባቶች ቅርስ እንደ ሆነና አገር ያለ ነፍጥ እንዳልቆመ ያነሣል፤ ሌላው ደግሞ በዚያው ነፍጥ ኃይል ገባር ሆነው የኖሩ አያቶቹን ያስታውሳል። ሁለቱም የሚናገሩት እውነት አለው፤ ሁለቱም ግን ጠመንጃው በምን መንገድ እንደ ገባ፣ ማን እንደ ከፈለበትና ለማን እንዲሸጥ እንደ ተፈቀደ ሳይጠይቁ ያልፋሉ። የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ከነሒሳቡ ተመዝግቦ የተገኘበት አንድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ እ.ኤ.አ. ከ1885 እስከ 1887 ድረስ ከታጁራ ወደብ ወደ ሸዋ ያስገባውና ክፍያው በሐረር የታዘዘለት የጠመንጃ ጭነት ነው። ሰነዶቹ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለ ሆነ፣ በሌላ ካልተገለጸ በቀር ቀኖቹ በዚያው አቆጣጠር ቀርበዋል።

ራምቦ በሐረር የሚታወቀው በግጥሙ ነው። በጀጎል ውስጥ በስሙ የሚጠራውን ያማረ የእንጨት ቤት ለማየት የውጭ አገር ሰው ሁሉ ይመጣል፤ ቤቱ እርሱ የኖረበት ስለ መሆኑ ግን ማስረጃ የለም። ሰውየው ወደዚህ አገር ሲመጣ ግጥም መጻፉን ከተወ ዓመታት አልፈውት ነበር፤ ሐረርን የረገጠውም እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ የኤደን ነጋዴዎች ተቀጣሪ ሆኖ፣ ቡናና ቆዳ ሊገዛ ነው። ስለዚህ ለዚህ ጥናት ራምቦ ማለት ደብተር የሚይዝ፣ ሒሳብ የሚያሰላና በደረሰበት ሁሉ የሚያማርር ነጋዴ ነው፤ ለእኛ የጠቀመንም ይኸው ማማረሩ ነው።

የሐረር ከጠመንጃ ጋር መተዋወቅ ከራምቦ ሦስት መቶ ዓመት ይቀድማል። ኢማም አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1542 ወፍላ ላይ ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ የመራቸውን ፖርቱጋላውያን ድል ሲያደርጉ ከኦቶማኖች የመጡ 900 ያህል ነፍጠኞች አግዘዋቸው ነበር፤ ከድሉ በኋላ አብዛኞቹን አሰናብተው ወደ 200 የሚሆኑትን ብቻ ማስቀረታቸውም በዓመቱ ወይና ደጋ ላይ ለደረሰባቸው ሽንፈትና ሞት አንዱ ምክንያት ሆነ። በዚያ ዘመን ጠመንጃ ከባለሙያው ጋር በኪራይ የሚመጣ፣ ከባለሙያው ጋርም የሚሄድ ነበር፤ በማንም ቤት ግድግዳ ላይ አልተሰቀለም። እ.ኤ.አ. በ1875 በራውፍ ፓሻ የተመራው የግብፅ ጦር ሐረርን ይዞ አሚር ሙሐመድን ከገደለ በኋላም መሣሪያው የወታደሩ እንጂ የከተሜው አልነበረም። ግብፆች እ.ኤ.አ. በ1885 ለቀው ሲወጡ ሥልጣኑን የተረከቡት አሚር አብዱላሂ ከተማውን የሚጠብቁበት ጠመንጃና መድፍ ጥቂት ነበር።

ጭነቱና መንገዱ

እ.ኤ.አ. በ1885 የመኸር ወራት ራምቦ በሸዋ ከኖረ ፒየር ላባቱ ከተባለ ፈረንሳዊ ነጋዴ ጋር ውል ገባ። ውሉ ለንጉሥ ምኒልክ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃዎችና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የሬሚንግተን ጥይት ለማስገባት ነበር። ጠመንጃዎቹ የዘመኑ መሣሪያዎች እንዳይመስሉን፤ ራምቦ ራሱ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከታጁራ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ፣ ከአርባ ዓመት በፊት ከሠራዊት አገልግሎት የወጡ በካፕሱል የሚተኮሱ አሮጌ ጠመንጃዎች መሆናቸውን፣ በሊየዥ ወይም በፈረንሳይ አሮጌ መሣሪያ ከሚሸጡ ነጋዴዎች ዘንድ አንዱ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ እንደሚገኝና ለሸዋ ንጉሥ ግን በ40 ፍራንክ ገደማ እንደሚሸጥ ገልጿል። አውሮፓ የጣለችውን መሣሪያ አምስት እጥፍ አስከፍሎ መሸጥ የዚያ ንግድ መሠረት ነበር።

ነገር ግን በታጁራ ወደብና በሸዋ ገበያ መካከል ብዙ ፈቃድ ሰጪዎች ቆመው ነበር። ግመል የሚያቀርበው የታጁራው የአፋር ሱልጣን አንዱ ነው። ሌላው በፈረንሳይ የተያዘችው የኦቦክ ወደብ ገዥ የነበረው ላጋርድ ነው፤ ፈረንሳይና እንግሊዝ በዚህ የባሕር ጠረፍ የመሣሪያ ንግድን ለማገድ በመስማማታቸው፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1886 ጭነቱ እንዳይንቀሳቀስ አዘዘ። ራምቦና ላባቱ በዚያው ወር ለፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አቤቱታ ጻፉ፤ በአቤቱታቸውም መሣሪያው ወደ ሸዋ እንጂ ወደ ሌላ እንደማይሄድና በመዘግየቱ እንደሚከስሩ አስረዱ። በመጨረሻ ተፈቀደላቸው፤ ላባቱ ግን በካንሰር ታሞ ወደ አገሩ ተመልሶ ሞተ፤ ጭነቱን አብሮ ሊወስድ የነበረው ፖል ሶሌዬም ኤደን ላይ በድንገት ሞተ። ራምቦ ብቻውን ቀርቶ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1886 ታጁራን ለቀቀ፤ በአሳል ሐይቅና በአዋሽ በኩል በርሃውን አቋርጦም የካቲት 6 ቀን 1887 አንኮበር ደረሰ።

በእነዚህ ወራት መካከል ሐረር ተያዘች። በ1879 ዓ.ም. በገና ሰሞን ጨለንቆ ላይ የምኒልክ ጦር የአሚር አብዱላሂን ሠራዊት ድል አደረገ፤ አሚሩም ከተማዋን ለቀው ሸሹ፤ ደጃዝማች፣ በኋላም ራስ የተባሉት መኮንን ገዥ ሆነው ተሾሙ። ስለዚህ የራምቦ ጠመንጃዎች ሐረርን አልያዙም፤ አንኮበር የደረሱት ጨለንቆ ካለቀ በኋላ ነው። ይህን መለየት ያስፈለገው፣ የገጣሚው ስምና የከተማዋ መያዝ በተደጋጋሚ አንድ ላይ ሲነሡ የሚሰማ አድማጭ ጠመንጃዎቹ በጨለንቆ የተተኮሱ ስለሚመስለው ነው። እውነቱ በተቃራኒው ነው፤ ሐረር በእነዚያ ጠመንጃዎች አልተያዘችም፤ ከተያዘች በኋላ ግን ዋጋቸውን እንድትከፍል ተደረገች።

ንጉሡ የከለከሉት ሽያጭ

የዚህ ጉዳይ ልብ ያለው በአንኮበርና በእንጦጦ በተደረገው ክርክር ላይ ነው። ራምቦ ያሰበው ከፊሉን ለንጉሡ፣ ከፊሉን ለየመኳንንቱና ለገበያተኛው በችርቻሮ በመሸጥ የተሻለ ዋጋ ለማግኘት ነበር። ምኒልክ ግን ይህን አልፈቀዱም። ራምቦ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1887 ኤደን ለሚገኘው የፈረንሳይ ምክትል ቆንስል ባቀረበው ሪፖርት ላይ እንደ ገለጸው፣ ንጉሡ በችርቻሮ መሸጥን ከልክለው ሁሉንም በጅምላ በቅናሽ ዋጋ ለእርሳቸው እንዲሸጥ አስገደዱት፤ እምቢ ካለም ጭነቱን በራሱ ወጪ ወደ ባሕር ጠረፍ እንደሚመልሱበት አስጠነቀቁት። ለጠቅላላው ጭነት የተቆረጠው 14,000 ጠገራ ብር ነበር፤ ከዚህም ላይ 2,500ው ለግመል ኪራይና በአንኮበሩ አዛዥ በወልደ ጻድቅ በኩል ለተከፈለ የመንገድ ወጪ፣ 3,000ው ደግሞ ላባቱ ለንጉሡ ዕዳ አለበት ተብሎ ተቀነሰ። የላባቱ ባለ ገንዘቦችም ከየአቅጣጫው መጥተው ራምቦን ከበቡት፤ የሟቹን ደብተሮች በብስጭት አቃጥሎ ኖሮ፣ ሒሳቡን የሚያስተባብልበት ማስረጃ በእጁ አልቀረም።

የችርቻሮው ክልከላ የንጉሥ ስስት ብቻ አይደለም። በዚያ ወቅት ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ እንጂ ንጉሠ ነገሥት አልነበሩም፤ ከላያቸው ዐፄ ዮሐንስ ነበሩ፤ ከጎናቸው የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፤ ከሥራቸው ደግሞ የየራሳቸው ጭፍራ ያላቸው መኳንንት። በአንኮበር ገበያ ላይ በነጻ የተሸጠ አንድ ጠመንጃ ነገ በማን ትከሻ ላይ እንደሚውል የሚያውቅ አልነበረም። በግምጃ ቤት ገብቶ በንጉሡ እጅ የተሰጠ ጠመንጃ ግን ከባለቤትነት ጋር ግዴታ ይዞ ይወጣል፤ የተቀበለው ሰው የዘመቻ ዕዳ አለበት፣ ስሙም በአለቃው ዘንድ ይታወቃል። በሐረርጌ ከዚያ በኋላ የተተከለው ሥርዓት ይህንኑ ይከተል ነበር፤ ባለ ነፍጡ ወታደር በደመወዝ ፈንታ ገባር ተሰጠው፤ ገባሩም ባለ ነፍጡን ቀልቦና አገልግሎ ኖረ። ዛሬ «መሣሪያ ባህላችን ነው» የሚለው አነጋገር በአንድ ቤት የክብር፣ በጎረቤቱ ቤት ደግሞ የግብር ትዝታ የሚቀሰቅሰው ከዚህ የተነሣ ነው። በዚህ ከተማ ይህን ሳይቀበሉ ስለ ባህል መከራከር የጎረቤትን ግማሽ ታሪክ መቁረጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለራምቦ የተረፈው ገንዘብ በእንጦጦ አልተከፈለም፤ በሐረር ከመኮንን እንዲቀበል ታዘዘለት። ራምቦም እ.ኤ.አ. በግንቦት 1887 ከፈረንሳዊው ተጓዥ ከጁል ቦሬሊ ጋር ተጉዞ ሐረር ገባ። ከተማዋ በዚያን ጊዜ ከጦርነቱ አላገገመችም ነበር፤ ንግዷ ቆሟል፤ አዲሱ ገዥ ሠራዊቱን መቀለብ አለበት፤ ጥሬ ገንዘብም የለም። መኮንን የከፈሉት በምጽዋ ነጋዴዎች ላይ በተጻፈ የክፍያ ወረቀት ሲሆን፣ ራምቦ ያን ይዞ ባሕር ተሻግሮ በነሐሴ ምጽዋ ሲደርስ ፓስፖርት አልያዘምና ተያዘ፤ ከተለቀቀ በኋላ ወደ ካይሮ ሄደ። በሪፖርቱ ከካፒታሉ 60 በመቶ እንደ ከሰረ ቢጽፍም፣ በካይሮ ባንክ 16,000 ፍራንክ ማስቀመጡም ይታወቃል፤ የነጋዴ ልቅሶን እንዳለ መቀበል አያስፈልግም።

በቀጣዩ ዓመት አርማን ሳቩሬ ከተባለ ነጋዴ ጋር ሌላ የመሣሪያ ጭነት ለማስገባት ሲሞክር የፓሪስ መንግሥት ፈቃዱን ሰጥቶ ወዲያው ነሣው። ራምቦም ሐረር ተቀምጦ እስከ 1891 ድረስ ቡና፣ ቆዳ፣ ጨርቅና የቤት ዕቃ ነገደ።

ከአንዱ ጭነት በኋላ

ንጉሡ በሩን ለመቆጣጠር ያደረጉት ጥረት ለጊዜው ተሳክቶላቸዋል፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የተሰለፈው ሠራዊት፣ መኮንን ከሐረር ያዘመቱት ጭምር፣ በአብዛኛው በጠመንጃ የታጠቀ ነበር። የአውሮፓ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1890 በብራስልስ ውል ከ20 ዲግሪ ሰሜን እስከ 22 ዲግሪ ደቡብ ባለው የአፍሪካ ክፍል መሣሪያ እንዳይገባ ቢስማሙም ሰናድር፣ ውጅግራና ምንሽር የተባሉት ጠመንጃዎች መግባታቸውን አላቆሙም። የባቡር ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ሲደርስ በግመል ወራት ይፈጅ የነበረው መንገድ በቀናት የሚያልቅ ሆነ፤ የሐረርም የንግድ በርነት ወደ ድሬዳዋ ወረደ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ስለ መሣሪያ ዝውውር የተለየ ስምምነት የፈረሙትም በዚህ መስመር የሚያልፈው ጭነት ስላሳሰባቸው ጭምር ነው።

በውስጥ በኩል ግን ከግምጃ ቤት የወጣው ጠመንጃ ወደ ግምጃ ቤት አልተመለሰም። ወታደሩ ሲያረጅ ለልጁ አወረሰው፤ ሲቸግረው ሸጠው፤ በአንዳንድ ገበያ ጥይት እንደ ዝርዝር ገንዘብ እስከ መቆጠር ደረሰ። በአንኮበር የተከለከለው ችርቻሮ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ በጓሮ በር ገባ ማለት ነው። የቁጥጥር ደጋፊዎች ይህን የታሪክ ክፍል ሲዘሉት ይታያል፤ መንግሥት ራሱ ያከፋፈለው መሣሪያ ከመንግሥት እጅ ማምለጡ፣ የመሣሪያ ብዛት የሕገ ወጥ ነጋዴ ሥራ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

ለባለ መሣሪያዎች የሚመች ማስረጃም አለ፤ እርሱንም ማቃለል አይገባም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1923 ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ በመሣሪያ ንግድ ላይ የተጣሉ ገደቦችን ተቀበለች፤ በ1930 ደግሞ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር የመሣሪያ አገባብን የሚወስን ውል ፈረመች። በ1935 ጣሊያን ለወረራ ስትዘጋጅ እንግሊዝና ፈረንሳይ መሣሪያ ለመላክ ፈቃድ ከለከሉ፤ ክልከላው ለሁለቱም ወገን ቢሆንም የራሷ ፋብሪካ ያላትን ጣሊያንን አልጎዳም። በ1936 መጋቢት ሐረር በአውሮፕላን ተደበደበች፤ በግንቦት መጀመሪያ ሐረርና ድሬዳዋ ተያዙ። መደበኛው ጦር ከፈረሰ በኋላ አምስቱን ዓመት የተዋጋው አርበኛ ባብዛኛው የያዘው በየቤቱ የቀረ ወይም ከጠላት የተማረከ ጠመንጃ ነው። «መንግሥት ሲፈርስ ማን ይጠብቀኛል?» የሚለው ጥያቄ በዚህ አገር ከመጽሐፍ የተቀዳ አይደለም።

ከዚህ ተነሥቶ ግን መሣሪያ መያዝ መብት ነው ወደሚል ድምዳሜ መድረስ ሌላ እርምጃ ነው። በዚህ ላይ ብዙ ወጣት ተከራካሪዎች፣ በተለይ ሕግ የሚያጠኑት፣ የአሜሪካን ምሳሌ ያመጣሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1791 የጸደቀው ሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የመሣሪያን ጉዳይ በስም ጠቅሶ ይዟል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2008 በሄለር ጉዳይ ይህ መብት ራስን ለመከላከል የሚያገለግል የግለሰብ መብት መሆኑን ወሰነ፤ በ2022 በብሩን ጉዳይ ደግሞ የመሣሪያ ገደብ የሚጸናው ከአገሪቱ የቆየ የመሣሪያ ቁጥጥር ልማድ ጋር ሲስማማ ነው በማለት የኒውዮርክን የፈቃድ ሕግ ሻረ። ከሁለት ዓመት በኋላ በራሂሚ ጉዳይ ያው ፍርድ ቤት የቤት ውስጥ ጥቃት አደጋ አለበት ተብሎ የፍርድ ቤት ትእዛዝ የወጣበትን ሰው መሣሪያ መከልከል እንደሚቻል ሲፈቅድ፣ የጥንቱን ሕግ ቃል በቃል ማግኘት እንደማያስፈልግ አስረዳ። ታሪክ እዚያ ክርክር ውስጥ የገባው አስቀድሞ የተጻፈ አንቀጽ ስላለ ነው፤ ዳኛው የሚጠይቀውም አንቀጹ በተጻፈበት ዘመን ምን ማለት ነበር ብሎ ነው። የኢትዮጵያ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የሕይወትንና የአካል ደኅንነትን መብት ይደነግጋል፤ ስለ መሣሪያ መብት የሚል አንቀጽ ግን የለውም። ስለዚህ እዚህ ታሪክን ይዞ የሚቀርብ ተከራካሪ የሚተረጉመው አንቀጽ የለውም፤ ታሪኩ ራሱ መብቱን ወልዶ እንዲያመጣለት ነው የሚጠይቀው።

የሐረሩ ጉዳይ ያን ሸክም አይሸከምም። ከታጁራ ሱልጣን ጀምሮ እስከ ኦቦክ ገዥ፣ ከአንኮበር አዛዥ እስከ ሐረር ገዥ ድረስ ጠመንጃው በፈቃድ እንጂ በመብት አንዲት ቀን አላደረም። በአንጻሩ፣ የተፈቀደለት ሰው ማንነት በአገዛዙ ምርጫ ላይ ብቻ የተመሠረተ ስለ ነበር፣ የፈቃድ ሥርዓት በራሱ ፍትሕ አይደለም፤ ገባሩ ፈቃድ አልተጠየቀም፣ የሚያመለክትበትም ደጅ አልነበረውም።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፣ መነገድንና ማዘዋወርን ከልክሏል፤ ፈቃድ ለሚጠይቅ ሰው የግል ሁኔታዎችን አስቀምጧል፤ አስቀድሞ በእጁ መሣሪያ ያለው ሰውም እንዲያስመዘግብ የመሸጋገሪያ ጊዜ ሰጥቶ ነበር። በድሬዳዋና በሐረር ያለው ልዩነት አዋጁ ያስፈልጋል አያስፈልግም በሚለው ላይ እምብዛም አይደለም። ጫቱን ሌሊት የሚጠብቀው የአወዳይ ገበሬ፣ መጋዘን ያለው የድሬዳዋ ነጋዴና የአባቱን ምንሽር በሣጥን ያስቀመጠው የሐረር ጡረተኛ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ተመዝግቤ ስሜን ከሰጠሁ በኋላ ያ መዝገብ የሚያገለግለው ሕገ ወጡን ለማግኘት ነው ወይስ ሕጋዊውን ለመንጠቅ? ይህ ሥጋት መሠረተ ቢስ አይደለም፤ መዝገብ የሚያዘው አካል በተቀየረ ቁጥር መሣሪያ የሚሰጠውና የሚነጠቀው ሰው አብሮ ሲቀየር የታየበት አገር ነው።

ስለዚህ ከራምቦ ጭነት የሚገኘው ትምህርት ቢኖር ለሕግ አውጪው ነው፤ በምዝገባው ላይ የሚቀርበው ጥያቄም ከዚያ ይነሣል። ንጉሡ ችርቻሮን ሲከለክሉ ለሻጩ ምክንያት አልሰጡም፤ ለተከለከለውም ይግባኝ አልነበረም። የዛሬው ፈቃድ ሰጪ ፈቃድ ሲነፍግ ምክንያቱን በጽሑፍ የማሳወቅ፣ የተነፈገውም ሰው ወደ ፍርድ ቤት የመሄድ መንገድ ተግባራዊ ሆኖ መታየት አለበት፤ በብሔር፣ በሃይማኖት ወይም በሠፈር ተለይቶ የተሰጠ ፈቃድም ሆነ የተፈጸመ ነጠቃ ካለ ሊመረመር ይገባል። ምርመራው ደግሞ ከጡረተኛው ሣጥን ቢጀምር የሚያገኘው አሮጌ ብረት ነው። በብዛት የሚገባው አዲስ መሣሪያ እንደ ጥንቱ ሁሉ ዛሬም የሚያልፈው በጠረፍ፣ በኬላና በጭነት መኪና ነው፤ የሻጩና የአሻጋሪው ስም በክስ መዝገብ ላይ ከባለ አንዱ ጠመንጃ ባላገር ስም በፊት እስካልመጣ ድረስም፣ አዋጁን ባላገሩ እንዲያምነው መጠበቅ አስቸጋሪ ነው።